የፒስታ ሾፌሮች

ሐረር በመኪና ውድድር ስሟ አይነሣም። ዋንጫ የሚሸለምበት ሜዳ፣ ሰዓት ያዥ፣ ባንዲራ አውለብላቢ የላትም። ይሁንና በጀጎል ግንብ ዙሪያም ሆነ በድሬ ጠያራ የገጠር መንደሮች ዕድሜው የገፋ ሰው አግኝቶ ስለ ድሮ ሾፌሮች መጠየቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው በቀላሉ አይቋረጥም። ማን ደንገጎን በጉም እንደወረደ፣ የማን ፔጆ ድምፅ ገና ከሩቅ እንደሚለይ፣ ማን በክረምት የኤረርን ጎርፍ ደፍሮ እንደተሻገረ፣ ማንስ ሳይደፍር ተሳፋሪውን እንዳተረፈ በስም እየጠራ ይተርካል። የኳስ አፍቃሪ ስለ ሉቺያኖ ቫሳሎና ስለ መንግሥቱ ወርቁ በሚያወራበት ፍቅር ነው የሚያወራው። የእነዚህ ሾፌሮች ባላጋራ መንገዱ ነበር። መንገዱም የራሱ ታሪክ አለው፤ ከእሱ ልጀምር።

ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በመጀመሪያ የታሰበው ሐረር ድረስ እንዲገባ ነበር። ተራራውን መውጣት ግን ብዙ ገንዘብና ብዙ ድካም የሚጠይቅ ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ ላይ አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚያ ሲደርስ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሐረር ከባቡሩ ጋር የምትገናኘው 50 ኪሎ ሜትር በሚያህል መንገድ ሆነ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በመካከሉ ደንገጎ አለ፤ እየተጠማዘዘ የሚወጣ፣ በአንድ በኩል ገደል በሌላው በኩል ቋጥኝ ያለበት አቀበት። ቡናውና ቆዳው በግመልና በበቅሎ ተጭኖ በዚያ ይወርዳል፤ አቡጀዲው፣ ጨውና ጋዙ በዚያው ይወጣል። የሐረር ሾፌር ገና ሳይፈጠር ፈተናው ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር ማለት ይቻላል።

መኪና ወደ አገራችን የመጣው ከባቡሩ ጥቂት ዓመታት ዘግይቶ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባል መኪናውን ይዞ ከጅቡቲ ተነሣና በረሃውን አቋርጦ አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ሰሞን አርኖልድ ሆልዝ የተባለ ጀርመናዊም የራሱን መኪና አስገብቷል። ዳግማዊ ምኒልክ የቤንትሊ መኪና ላይ ወጥተው ሲሄዱባት የከተማው ሰው ጉድ ብሎ አየ። ለእኔ ግን ከንጉሠ ነገሥቱ ሽርሽር ይልቅ ከዚያ በፊት የነበረው ጉዞ ይበልጥብኛል፤ ጎማ ነክቶት በማያውቅ ምድር፣ ነዳጅ በማይሸጥበት፣ መካኒክ በሌለበት አገር መኪና ይዞ መድረስ። መሪ ከመያዝ በላይ የሆነው ያ ሙያ ከዚያ ጀምሮ ለረጅም ዘመን የኢትዮጵያ ሾፌር ዋና ሙያ ሆኖ ቆየ።

ሐረር ብዙ መኪና በአንድ ጊዜ ያየችው ግን በክፉ ቀን ነው። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጄኔራል የግራዚያኒ ጦር ከሶማሊያ ተነሥቶ ኦጋዴንን በካሚዮን አቋረጠ። ዝናቡ መንገዱን ጭቃ አድርጎት ሞተሩም ሰውም እየተያዘ ቢዘገይም ሚያዝያ 30 ቀን ሐረር ገባ። ከተማዋ ከዚያ በፊት በመጋቢት ከሰማይ ተደብድባ ነበር።

ከአምስት ዓመት በኋላ ያው መንገድ ሌላ ግስጋሴ አየ። ከሞቃዲሾ የተነሣው የእንግሊዝ ጦር የናይጄሪያ ብርጌድ 744 ማይል፣ ማለትም 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በ17 ቀን ነድቶ ጅጅጋ ደረሰ። አብዛኛው መንገድ አሸዋና አቧራ ነበር። ከዚያ የማርዳን ማለፊያ፣ ባቢሌንና ቢሲዲሞን አልፎ መጋቢት 17 ቀን 1933 ዓ.ም. ሐረር ገባ። ጣሊያኖች ሲሸሹ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ በፈንጂ አፍርሰውት ስለነበር፣ በ17 ቀን ያን ሁሉ በረሃ የጨረሰው ሠራዊት ደንገጎ ላይ ሲደርስ መንገድ እስኪጠገንለት ቆመ። ድሬዳዋ የተያዘችው መጋቢት 20 ቀን ነው። ደንገጎ ለጄኔራሎችም አላዳላም።

ጦርነቱ ሲያልፍ መኪናዎቹና ጋራዡ ቀሩ። ካሚዮን መንዳት፣ ባሌስትራ መቀየር፣ የፈላ ራዲያተር ማብረድ የሐረርጌ ወጣት እንጀራ ሆነ። ሥራው በረዳትነት ይጀመራል። ረዳቱ ዕቃ ይጭናል፣ ታኮ ይዞ ከኋላ ይንጠለጠላል፣ አቀበት ላይ መኪናው ትንፋሽ ሲያጥረው ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮውን ይሸጉጣል። ጀሪካን ይዞ ውኃ ፍለጋ የሚሄደው እሱ ነው፤ ሌሊት ጭነት ላይ የሚተኛውም እሱ። መሪ እስኪያስነኩት ዓመታት ያልፋሉ። ዛሬ የምንሰማቸው የትልልቆቹ ሾፌሮች ታሪኮች ብዙዎቹ በዚያ ዘመን ከኋላ ተንጠልጥሎ ያደገ ልጅ ዓይን ያያቸው ናቸው።

እዚህ ላይ ከሐረር ወጣ ብዬ ናይሮቢን ልይ፤ የሁለቱ ታሪክ በአንድ መኪና ይገናኛልና። በ1945 ዓ.ም. የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ ስትጭን በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ መንገዶች ላይ የመኪና ውድድር ተደረገ። ኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ የተባለው ይህ ነው። በኛም አገር በንጉሡ ዘመን ሃይላንድ ራሊ የሚባል ውድድር ነበር፤ ዝናው የዓለምን ጆሮ የያዘው ግን የሳፋሪው ነው። በፈረንጆች ፋሲካ ሰሞን ይካሄድ ነበር፤ የዝናብ ወቅት ነው። መንገዱ ሕዝብ የሚሄድበት፣ ከብት የሚሻገርበት ፒስታ፣ ርዝመቱም 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ተወዳዳሪው በየመቆጣጠሪያው በተቆረጠለት ሰዓት ካልደረሰ ነጥብ ይቆረጥበታል። በጠቅላላው ግን ትልቁ ጉዳይ መጨረስ ነበር። ከአውሮፓ ስመ ጥር ነጂዎች ፈጣን መኪና ይዘው ይመጣሉ፤ ጭቃው ይውጣቸዋል፣ ድንጋዩ መኪናቸውን ከሥር ይሰብረዋል። እስከ 1964 ዓ.ም. ድረስ አንድም ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው አላሸነፈም፤ በዚያ ዓመት ፊንላንዳዊው ሐኑ ሚኮላ በፎርድ ኤስኮርት እስኪሰብረው ድረስ ዋንጫው በአገሬው ነዋሪዎች እጅ ነበር።

ከነዚያ አሸናፊዎች መካከል ዛሬም አፍቃሪዎቹ ስሙን ሲጠሩ የሚነሡለት ጆጊንደር ሲንግ ነው። ኬሪቾ የተወለደ የኬንያ ሲክ፣ ጋራዥ ውስጥ ያደገ መካኒክ። በ1957 ዓ.ም. ከወንድሙ ከጃስዋንት ጋር ሌላ ሰው ቀደም ብሎ የተወዳደረባትን አሮጌ ቮልቮ አድሶ አሸነፈ። በ1966 እና በ1968 ዓ.ም. ደግሞ በሚትሱቢሺ ላንሰር ደገመው፤ ሠለሰው። ሕዝቡ «ሲምባ ዋ ኬንያ»፣ የኬንያው አንበሳ፣ አለው። በ2006 ዓ.ም. ሲያርፍ በየመንደሩ መንገድ ዳር ቆመው በልጅነታቸው አቧራውን የቃሙ ሰዎች አለቀሱለት።

ወደ ሐረር የሚመልሰን ግን ሌላ መኪና ነው፤ ፔጆ 404። ፈረንሳዮች በ1952 ዓ.ም. ለገበያ አወጧት። ቅርጿን ያወጣው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። ሞተሯ 1,618 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ ወደ ጎን 45 ዲግሪ ጋደም ያለ፤ ካምቢዮዋ ከመሪው ሥር። ለፍጥነት የተሠራች አይደለችም። ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ግን እግሯ ረጅም ነው፣ ታልፋለች። በ1955 ዓ.ም. ሳፋሪ 84 መኪናዎች ተነሥተው መጨረሻው ላይ የደረሱት 7 ብቻ ነበሩ፤ ከሰባቱም የቀደመችው የኒክ ኖዊኪና የፓዲ ክሊፍ 404 ናት። በ1958 እና በ1959 ዳሬሰላም ይኖር የነበረው መካኒክ በርት ሻንክላንድ ከክሪስ ሮትዌል ጋር በዚያችው መኪና ደጋግሞ አሸነፈ። በ1960 ዝናቡ ያለ ልክ ወርዶ ከ90 በላይ መኪናዎች ተነሡ፤ አሁንም 7 ብቻ ገቡ፤ አሁንም ኖዊኪና ክሊፍ በ404 አንደኛ ሆኑ። በስድስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ።

ይህችው መኪና ናት የሐረር ታክሲ የሆነችው። ለምን እሷ ብሎ ለሚጠይቅ ካርታውን ማየት ይበቃል። ጅቡቲ እስከ 1969 ዓ.ም. በፈረንሳይ እጅ ነበረች፤ ባቡሩ ከጅቡቲ ድሬዳዋ ይደርስ ነበር፤ ከድሬዳዋ ሐረር ደንገጎን መውጣት ብቻ ነው። የፈረንሳይ መኪናና የፈረንሳይ መለዋወጫ በዚህ በር ገባ። ከዚያ የሐረር ሰው መረጣት፤ መንገዱም መረጣት። ከጀጎል በሮች መኪና እንዲያስገባ ተብሎ ዘግይቶ የተከፈተው የሐረር በር ነው፤ ከእሱ እስከ ፈረስ መጋላ ያለው መንገድ ላይ ሰማያዊና ነጭ የተቀቡ 404ዎች መሰለፍ ጀመሩ። ሌላው የጀጎል መንገድ ጠባብ ነውና በእግርና በአህያ ነው። ስለዚህ ፈረስ መጋላ ለሾፌሮቹ መነሻም መድረሻም ሆነ፤ ተሳፋሪ የሚጠራበት፣ ወሬ የሚለዋወጡበት፣ «ትናንት ደንገጎ ላይ ምን ሆነ» የሚባልበት ቦታ።

የነዚያን ሾፌሮች ሙያ የሚያውቅ ተሳፋሪ አስተያየቱ እንደ ዳኛ ነበር። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ላይ የሚተኛ ሾፌር አይወደድም፤ ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ አይዝም። ደንገጎን የሚያውቅ ሾፌር ገና ከአፋፉ ላይ ማርሹን አውርዶ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝለት ያደርጋል፣ ፍሬኑን ለጠመዝማዛው ያስቀምጣል። ከመታጠፊያው በፊት ጡሩምባ ይነፋል፤ ከታች ጭነት ይዞ የሚወጣ ካሚዮን ካለ ይሰማና ቦታ ይሰጣል። የሚወጣ ይቀድማል፤ አቀበት ላይ የቆመ ከባድ መኪና እንደገና መነሣት ይቸግረዋልና። ጧት ጉሙ አፋፉን ሲሸፍነው መብራት አብርቶ፣ መስኮት ዝቅ አድርጎ፣ በጆሮው ይነዳል። ተሳፋሪው ይህን ሁሉ እየተከታተለ ይቆጥራል። ድሬዳዋ ሲደርስ «እግዜር ይስጥልን» ብሎ የሚወርደው ለወጉ ብቻ አይደለም፤ በማግስቱም የእሱን መኪና ፈልጎ ይጠብቃል። አፍቃሪ ማለት ሌላ ምንድን ነው?

የጅጅጋው አቅጣጫ ደግሞ ሌላ ፈተና ነበር። ከሐረር በስተምሥራቅ ኤረር ሸለቆ ይወረዳል፤ ባቢሌ ይደረሳል፤ ከዚያ ቋጥኝ በቋጥኝ ላይ ተቆልሎ የቆመበት የዳካታ ሸለቆ ይመጣል፤ ቀጥሎ ፋፈን፣ ከዚያ ካራማራ። በበጋ አሸዋው ጎማ ይበላል። በክረምት ደረቅ የመሰለው ወንዝ ከላይ ሌላ ቦታ የዘነበ ዝናብ ይዞ በደቂቃ ይሞላል። የውኃውን ቀለምና የሚያንከባልለውን ድንጋይ ድምፅ ሰምቶ እንደሚሻገር ወይም እንደሚያድር የሚወስነው ሾፌሩ ነው። ለማደር የወሰነ ሰው በፈሪነት አልተወቀሰም። እዚህ ላይ ነው ሳፋሪና ሐረር ለኔ አንድ የሚሆኑብኝ፤ ኖዊኪም፣ ሻንክላንድም፣ የባቢሌ መንገድ ሾፌርም የተመሰገኑት በመድረሳቸው ነው። መኪናውን ሳይሰብሩ፣ ሰው ሳይጎዱ መድረስ።

የቁልቢ ሰሞን ደግሞ የሾፌሩ ፋሲካ ነበር። ራስ መኮንን ያሠሩት ቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲነግሥ ከአዲስ አበባም፣ ከድሬዳዋም፣ ከሐረርም ሕዝቡ ይተማል። መንገዱ በእግረኛ፣ ስለት በተሸከመ ሰው፣ በከብት ይሞላል። በዚያ መካከል ሌሊቱን ሙሉ እየተመላለሰ አንድ ሰው ሳይነካ የሚያድር ሾፌር ስሙ ለዓመቱ ይቆያል።

ከዚያ የሶማሊያ ጦርነት መጣ። በ1969 ዓ.ም. ማብቂያ የባቡሩ ድልድዮች ፈነዱ፣ ሐዲዱ ተቆረጠ፤ ድሬዳዋ ተጠቃች። በመስከረም 1970 ጅጅጋ ተያዘች፤ የሶማሊያ ጦር እየገፋ ለሐረር ተቃረበ፤ ከተማዋ እስከ ጥር ድረስ የጦርነቱን ድምፅ እየሰማች ከረመች። ጅጅጋ የተመለሰችው የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው። ስለዚያ ወራት የሾፌሮች ታሪክ ስጠይቅ የሚወራልኝ አጭር ነው፤ ስለ ቁስለኛ፣ ስለ ዱቄት፣ መብራት አጥፍቶ በጨረቃ ስለመንዳት። ከሌላው ዘመን ተረት ጋር ሲነጻጸር ድምፁ ዝቅ ይላል። ብዙ ሾፌር ያለቀበት ጊዜ ስለሆነ ይመስለኛል፤ የተረፈው ስለ ራሱ ጉብዝና ማውራት ይከብደዋል።

ከጦርነቱ በኋላ ችግሩ ዕቃ ማጣት ሆነ። ጅቡቲ ቀደም ብላ ነፃ ወጥታ ነበር፤ ባቡሩ ተዳከመ፤ ቤንዚን በራሽን ሆነ፤ ፈረንሳይ ውስጥ 404 መሠራቷ ቀረ። ኬንያ ውስጥ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ትገጣጠም የነበረ ቢሆንም ከኬንያ ሐረር መለዋወጫ ማምጣት ቀላል አልነበረም። ስለዚህ የሐረር ጋራዦች የማይሞት መኪና መሥራት ጀመሩ። የወደቀችው ለቆመችው ዕቃ ትሰጣለች፤ የተሰበረው በብየዳ ይያያዛል፤ የሌላ መኪና ክፍል ተሞርዶ፣ ተቆርጦ፣ ተስተካክሎ ይገባል። በፈረንሳይ መንገዶች ላይ ቅርስ ተብላ በሰልፍ ብቻ የምትወጣ መኪና ሐረር ውስጥ ሽንኩርትና ድንች ጭና፣ ሙሽራ አጅባ፣ ወላድ ሆስፒታል አድርሳ ትውል ነበር። ይህን ያደረጉት መካኒኮች ከሾፌሮቹ እኩል ስማቸው ሊነሣ ይገባል፤ በአብዛኛው ግን አይነሣም፤ ምክንያቱም ተሳፋሪው የሚያያቸው መኪናው ሲበላሽ ብቻ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ መንገዱ ላይ ሌላ ዓይነት ፍጥነት መጣ። የአወዳይ ጫት ከተቀጠፈ በኋላ ደርቆ ዋጋውን እንዳያጣ በሰዓታት ውስጥ ጅጅጋና ሶማሌላንድ፣ ድሬዳዋና ጅቡቲ መድረስ አለበት። ጫት የጫነ መኪና ይበራል። ባለ ጭነቱን አይሱዙ ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው በፍቅር አይደለም። ከነዚህ ሾፌሮች መካከል ጎበዝ የለም አልልም፤ ሌሊት በዚያ ፍጥነት መኪናን ከመንገድ ሳያስወጡ መንዳት ችሎታ ይጠይቃል። ግን የድሮዎቹን የሚያደንቅ ሰው እነዚህን አያደንቅም፤ መንገድ ዳር ያለ ገበሬ ልጁን የሚጠብቅባቸው ናቸው። በድሬ ጠያራ ማሳዎች ዳር ለዳር በጧት ትምህርት ቤት የሚሄዱ ሕፃናትን ያየ ሰው ይህ ፍርድ ከየት እንደመጣ ይገባዋል። ሩጫው የጭነት ባለቤቱ ነው፤ ሾፌሩም በሰዓቱ ሲደርስ የሚከፈለው፣ ሲዘገይ የሚቀጣ ሠራተኛ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ባጃጅ ገባ። ነዳጅ ቆጣቢ፣ ርካሽ፣ የጀጎልንም ሰፋ ያሉ ጎዳናዎች የምትገባ። በ1998 ዓ.ም. ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ከበሩ ውጭ የቆሙት 404ዎች አሁንም ፎቶ ይነሡ ነበር፤ ተሳፋሪ ግን እየቀነሰባቸው ሄደ። አስፋልቱ ሰፋ፤ ጅጅጋም በአስፋልት ሆነ። አንድ ባንድ እየቆሙ፣ አንድ ባንድ እየተሸጡ ቀነሱ። ሾፌሮቹም አረጁ። የአንዳንዶቹ ልጆች በባጃጅ ይሠራሉ።

ኬንያውያን የድሮ ነጂዎቻቸውን በማስታወስ ቀድመውናል። ሳፋሪ ከ1994 ዓ.ም. ውድድር በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና ሲወጣ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ከ1996 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ለአሮጌ መኪናዎች ብቻ የሚሆን የሳፋሪ ክላሲክ ውድድር አዘጋጁ። አዛውንት ነጂዎች ይመጣሉ፤ ሰው መንገድ ዳር ወጥቶ ስማቸውን ይጠራል፤ ልጆች አያቶቻቸው ያወሩላቸውን መኪና በዓይናቸው ያያሉ። በ2013 ዓ.ም. ሳፋሪ ወደ ዓለም ሻምፒዮና ሲመለስ የድሮዎቹን የማያውቅ ወጣት ተመልካች ጥቂት ነበር።

እኛ ዘንድ የሐረር ሸሪፍ ሙዚየም የብራና መጻሕፍትን፣ ሰይፎችንና ጥንታዊ ገንዘቦችን ሰብስቦ ለትውልድ አቆይቷል፤ የግለሰብ ጥረት ምን ማድረግ እንደሚችል ያየሁት እዚያ ነው። ከዚያ ስብስብ ጎን አንድ የ404 መሪ፣ አንድ ታኮ፣ አንድ የጭነት ወረቀት፣ የሾፌሮች ፎቶና በድምፅ የተቀዳ ታሪካቸው ቢኖር ሐረር ሙሉ ትሆናለች። ደንገጎን በካሚዮን የወጡት ሰዎች ከሞላ ጎደል አልፈዋል። በ404 ዘመን የነዱት ግን ዛሬም በየሰፈሩ አሉ፤ ስማቸውን የሚያውቀው ተሳፋሪም አለ። ቴፕ ይዞ ወደ እነሱ መሄድ ብቻ ነው የቀረው፤ ከሐረር ወደ ደንገጎ በሚወስደው መንገድ ላይ አወዳይ፣ ሐረማያና አዴሌ ላይ መቆም ሳይረሳ፤ የመንገዱ ታሪክ ግማሹ ያለው በነዚያ ከተሞች ሻይ ቤቶች ነውና።